ተረብከው ወይስ አፌዝክበት?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ እየበላን ነበር። ወፈር ያለውን ጓደኛዬን ‹አንተ ዋና ከገባህማ ጣና ሞልቶ ከተማው ይገባል› አልኩት። ‹ለምን ታፌዝብኛለህ?› ብሎ ተቆጣ። እኔ የተረብኩት መስሎኝ ነበር። ፌዝና ተረብ ይለያያሉ?»

መልስ፦ አዎ፣ ይለያያሉ። ከግሡ ጀርባ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ነገር ይመልከቱ። አፌዘበት፣ አላገጠበት፣ ተሳለቀበት፣ አሾፈበት እንላለን። «ተረበበት» ግን አንልም፤ ተረበው ነው። ፎገረውም እንዲሁ። ይህች «-በት» ብዙ ጊዜ ጉዳት ይዛ ትመጣለች፤ ዘነበበት፣ ፈረደበት፣ ልጁ ሞተበት። «ቀለደ»ን ደግሞ በሁለቱም መንገድ እንጠቀምበታለን። ከእሱ ጋር ቀለደ ካልን ሁለቱም ይስቃሉ። ቀለደበት ካልን አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ይሳቅበታል። ሕጉ ግን ሁሌ አይሠራም። «ሸረደደው» ያለ «-በት»ም ይናደፋል።

ተረብ ሌላም መለያ አለው፤ መልስ ይጠብቃል። ስለዚህ «ተተራረቡ» ይባላል። «ተፋፌዙ» ሲባል ግን ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም። ጓደኛዎ «አንተን ደግሞ ታንኳ ሠሪዎቹ ደንገል መስለሃቸው ያጭዱሃል» ቢልዎት ኖሮ ጨዋታው ይደምቅ ነበር። (ቀጭን ነዎት ብዬ ገምቼ ነው፤ ካልሆኑ ይቅርታ።) እሱ ግን መልስ አልሰጠም፣ ተቆጣ። እርስዎ ተረብ ወረወሩ፣ እሱ ፌዝ ተቀበለ።

ከፌዝና ከተረብ ሌላ ስላቅና አሽሙርም አሉ። ስላቅ ቀላል ነው። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የመጣን ሰው «ምነው ቸኮልክ?» ማለት ነው።

አሽሙር ይከብዳል። አለቃ ገብረ ሀና አህያ የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን ዋላችሁ?» አሉት ይባላል። ሰውየው አንድ ነው። «-አችሁ» ግን ብዙ ቁጥር ናት፤ አህያውንም ጨምራ ሰላም ትላለች። ሰውየው ቢቆጣ «ሰላም ማለትም ነውር ሆነ?» ብሎ ማምለጥ ይቻላል። ላዩ ሰላምታ፣ ውስጡ መርፌ። የቅኔ ቤት ሰው እጅ ያለበት ቀልድ ይሄ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

በነገራችን ላይ፣ አለቃ የተወለዱት ከጣና ማዶ ፎገራ ስለሆነ «መፎገር» የመጣው ከዚያ ነው ያለኝ ሰው አለ። ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ቃላት አይዛመዱም። ሰውየውም ሳይፎግረኝ አልቀረም።