ቲቱ ስታርን በኤክሴል ለምታሰላው እህቴ
ከሁለት የተለያዩ ማሽኖች የተነሣ የኩላሊት ኤምአርአይ ይዘሽ ቲቱ ስታሩን (T2*፣ የኤምአርአይ ምልክቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚጠፋ የሚናገረውን ጊዜ) በእጅ ማስላት እንደሰለቸሽ ጽፈሽ፣ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ካለ ጠይቀሻል። አለ፤ ዩካት (UKAT) ይባላል። የብሪታንያ የኩላሊት ምስል ተመራማሪዎች በፓይተን የሠሩት ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ምስሉ ከየትኛውም ኩባንያ ማሽን ቢመጣ ስሌቱ አንድ እንዲሆን ነው የታሰበው። ሌሎቹን የኤምአርአይ መለኪያዎች፣ ቲዋንን፣ ቲቱን፣ ዲፊዩዥንንም (በቲሹ ውስጥ ያለውን የውሃ እንቅስቃሴ) ይሠራል።

እኔ ባሕር ዳር ለመመረቂያ ጽሑፌ ስሠራበት ሁለት ሳምንት ያቃጠለብኝን ልንገርሽ። ዳይኮሙን (ከማሽኑ የሚወጣውን የምስል ፋይል) ዲሲኤም ቱ ኒክስ (dcm2niix) በሚባለው መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኒፍቲ፣ ማለትም ለስሌት ወደሚመች የምስል ፋይል፣ ስትቀይሪ አብሮ የምስሉን መረጃ በጽሑፍ የያዘ የጄሰን ፋይል ይወጣል። እዚያ ላይ የኤኮ ጊዜው (ማሽኑ ምልክቱን እስኪለካ ያለው ጊዜ) የተጻፈው በሰከንድ ነው፤ 0.005 ይላል። ዩካት የሚፈልገው ግን በሚሊ ሰከንድ ነው፣ 5 ብለሽ መስጠት አለብሽ። እኔ እንዳለ ገልብጬ ሰጠሁት። ፕሮግራሙ ምንም አላለኝም፤ ሥራውን ጨርሶ የየነጥቡን ቲቱ ስታር በምስል የሚያሳየውን ካርታ አወጣ። ስከፍተው ድፍን ጥቁር! ኮርቴክሱ (የኩላሊቱ የውጭ ክፍል) ላይ ጠቅ ሳደርግ 0.05 ይላል። ማሽኑ ይሆን ማስኩ (ኩላሊቱን ከሌላው አካል የሚለየው ምስል) እያልኩ ስንከራተት ከረምኩ። በመጨረሻ የኤኮ ጊዜውን በ1000 ሳባዛው የኮርቴክሱ ቁጥር 50 ሚሊ ሰከንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ስለዚህ ሁሉንም ታካሚ ከማስኬድሽ በፊት የአንዱን ኮርቴክስና ሜዱላ (የውስጡን ክፍል) በዓይንሽ እዪ፤ የሜዱላው ቲቱ ስታር ከኮርቴክሱ ማነስ አለበት።

ስሌቱ ሁለት መንገድ አለው። ሎግሊን የሚባለው፣ በምልክቱ ሎጋሪዝም ላይ ቀጥ ያለ መስመር የሚገጥመው፣ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ቲቱ ስታሩ ከ20 ሚሊ ሰከንድ በታች ሲወርድ ይስታል። ኮምፒውተርሽ ከቻለ ሁለተኛውን፣ የምልክቱን መቀነስ በቀጥታ በኩርባ የሚገጥመውን ኤክስፖኔንሻል ተጠቀሚ፤ ይዘገያል እንጂ ይሻላል። የመለማመጃ ምስሎቹ ከኢንተርኔት ስለሚወርዱ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሰዓት አስቀድመሽ አውርጂያቸው። የ1.5 እና የ3 ቴስላ (የማሽኑ መግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ውጤት ደግሞ በአንድ ሠንጠረዥ አትደባልቂ፤ ቲቱ ስታር በመስኩ ጥንካሬ ይለወጣል።

አንድ ነገር ግን ሶፍትዌሩ አያውቅልሽም። ቲቱ ስታር የኩላሊቱን ኦክስጅን ተከትሎ ይለዋወጣል፤ ሰውየው ውሃ መጠጣት አለመጠጣቱም ይነካዋል። በእኛ አገር በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚመጣ ብዙ ነው። ማን ጾሞ እንደተነሣ፣ መቼ ውሃ እንደጠጣ ካልመዘገብሽ ልዩነቱ የበሽታው ይሁን የጥሙ መለየት አትችዪም። እኔ ፎርሙ ላይ አንድ መስመር የጨመርኩት ግማሹ ታካሚ ካለፈ በኋላ ነው፤ አንቺ ከመጀመሪያው ጨምሪው።