ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እናቴ ከስትሮክ በኋላ አማርኛ ጠፋባት

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ጉራጌ አገር ቢሆንም ፒያሳ ከገባች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ቤት ውስጥ የምናወራው በአማርኛ ነው። ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ዛለ። እጇ እየተሻለው ነው፤ አሁን የምታወራው ግን ጉራጊኛ ብቻ ነው። እኛ ልጆቿ ደግሞ አንሰማም። ጎረቤት «ልክፍት ነው፣ ጸበል ውሰዷት» ይላል። አእምሮዋ ተነካ ማለት ነው? አማርኛዋስ ይመለሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልክፍት አይደለም። በአብዛኛው ሰው ቋንቋ የሚሠራው በግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ ቀኝ እጅን የሚያዘውም ያው ግራው ነው። ለዚህ ነው እጅና ንግግር አብረው የታመሙት።

ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንጎል ውስጥ ሁለቱ ለየብቻ ተቆልፎባቸው አይቀመጡም፤ በአብዛኛው የሚኖሩት ተደራርበው ነው። አንዱን ስናወራ ሌላውም አይተኛም። መርካቶ ውስጥ በስልክ ጉራጊኛ እያወራ ለደንበኛው በአማርኛ ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ አይተሽ የለ? ያን የቋንቋ ማብሪያ ማጥፊያ የሚነካው የፊተኛው አንጎልና ከሥሩ ያሉ ክፍሎች ናቸው። ስትሮክ እዚህ ሲገባ አንዱ ቋንቋ ሳይጠፋ መውጫ ሊያጣ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ሁለቱም እኩል ነው የሚመለሱት፤ አንዱ የሚቀድምበት ጊዜ ግን አለ። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቦ ቀድሞ የተለመደው ነው የሚተርፈው ብሎ ነበር፤ የአገሩ ልጅ ሐኪሙ ፒትር በ1895 እ.ኤ.አ. የለም፣ አዘውትረን የምንናገረው ነው አለ። ለሁለቱም የሚመሰክር ታማሚ አይጠፋም፤ እናትሽ ለሪቦ የመሰከሩ ይመስላሉ።

«አማርኛ ተናገሪ» እያላችሁ አታስጨንቋቸው። ጉራጊኛ የምትሰማ አክስት ካለች ለጥቂት ሳምንት ቤት ትምጣ፣ ሐኪም ጋ ስትሄዱም አብራችሁ ትሂድ። እኔ ራሴ አንድ ሽማግሌ በአማርኛ ጠይቄያቸው መልስ ሳጣ «ግራ ተጋብተዋል» ብዬ ልጽፍ ስል የበሩ ዘበኛ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ የልጆቻቸውን ስም በተራ ቆጠሩለት! እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

አማርኛው ይመለሳል ወይ ላልሽው ዛሬ ቃል አልገባልሽም። ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ ይቀጥላል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ካገኛችሁ ዛሬ ነገ አትበሉ። ጸበሉን አልከለክልም፤ የደም ግፊት መድኃኒት ታዞላቸው ከሆነ ግን ለጸበል ተብሎ አንድ ቀን እንዳይቋረጥ። ፊታቸው ከጣመመ ወይም እጃቸው እንደገና ከዛለ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

እስከዚያው «ውሃ»፣ «አመመኝ» እና «ሽንት ቤት» በእሳቸው ጉራጊኛ ምን እንደሚባሉ አክስትሽን ጠይቂና ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊ።