ወረቀቱን ይተዉት፣ እንጨቱን ይዩ

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ቫዮሊን አገኘሁ። ውስጡ «ስትራዲቫሪየስ 1721» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጎኑ ትንሽ ተላቋል፤ ጀርባው ላይም ስንጥቅ አለ። እውነተኛ ነው? ልግዛው?

መልስ፦ ስትራዲቫሪ አይደለም ብለው ይነሱ። ስመ ጥሩው ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1737 ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የጀርመንና የፈረንሳይ ሠራተኞች በእሱ ሞዴል በሠሩት ቫዮሊን ውስጥ ስሙን እየለጠፉ በገፍ ይሸጡ ነበር። በዚህ አይዘኑ። ከእነዚህም መካከል ደስ የሚል ድምፅ ያላቸው አሉ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው። ዙሪያውን ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር የሆነ ቀጭን መስመር ይዞራል። በደህናው ቫዮሊን ላይ ይህ መስመር ሦስት ስስ እንጨት ነው፤ ቦይ ተቆፍሮለት ተቀብሯል። ከጠርዝ የሚነሳ ስንጥቅ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅም ያግዛል። በርካሹ ላይ ግን በቀለም ብቻ ይሰመራል። ቫርኒሹ የተላጠበትን ቦታ ፈልገው በባትሪ ይዩት። መስመሩም አብሮ ከጠፋ ቀለም ነው። ቀጥሎ ፊቱ ላይ ባለው፣ የ«f» ቅርጽ ባለው ኤፍ ቀዳዳ በኩል ትንሽ መስታወት አስገብተው ማዕዘኖቹን ይዩ። አራቱም ላይ የእንጨት ድጋፍ ካለ ጥሩ ምልክት ነው።

የጎኑ መላቀቅ አያስፈራዎት። የቫዮሊን ሙጫ ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራ ነው፤ እንጨቱ ከሚሰነጠቅ ሙጫው ይልቀቅ ተብሎ ነው የሚመረጠው። ባለሙያ በቀላሉ ይመልሰዋል። እባክዎ በሱፐር ግሉ ብቻ አይንኩት! አንድ ጊዜ እንዲህ የተጣበቀ መጥቶልኝ፣ ከጥገናው ይልቅ ማጽዳቱ ነው የፈጀኝ።

ወሳኙ የጀርባው ስንጥቅ ነው። ውስጡ፣ በቀጭኑ ክር በኩል ካለው የብሪጅ (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) እግር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከሆዱ (ከፊቱ ሳንቃ) እስከ ጀርባው ቀጥ ብላ የቆመች እንጨት አለች። ሳውንድፖስት ትባላለች። ስንጥቁ እሷ በቆመችበት ካለፈ አይግዙት። ጫናው እዚያው ላይ ስለሚያርፍ ማጣበቅ ብቻ አይበቃም፤ ከውስጥ በልኩ የተቀረጸ እንጨት መግባት አለበት። ይህ ሥራ ከቫዮሊኑ ዋጋ በላይ ሊያስወጣዎት ይችላል። ስንጥቁ ከዚያ ርቆ ወደ ጠርዙ ከሆነ ግን ይጠገናል፤ ይደራደሩና ይውሰዱት።

የተበጠሰ ክር፣ የጠፋ ማጥበቂያ፣ የወደቀ ብሪጅ አያሳስብም። ሲያነቃንቁት ውስጡ ኳኳ የሚል ነገር ካለ ግን ሳውንድፖስቷ ወድቃለች ማለት ነው። ባለሙያ እስኪያቆማት ድረስ ክሮቹን እንዳያጠብቁ፤ ሆዱ ሊሰምጥ ይችላል።