አዲስ አበባ ላይ ቤት ለምታስጨርሱ፦ መስታወቱን ለአገሩ ፀሐይ ምረጡ

ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ አፓርታማ ገዝታችሁ ከውጭ ሆናችሁ ለምታስጨርሱ ወገኖቼ አንድ አደራ አለኝ፤ በምትኖሩበት አገር የለመዳችሁትን መስኮት እንዳለ አታስመጡ። የቶሮንቶ ቤት የመስታወት ሽፋን (መስታወቱ ላይ የሚቀባው ስስ የብረት ንብርብር) ዋና ሥራው የማሞቂያው ሙቀት እንዳያመልጥ መያዝ ነው። የአዲስ አበባ ቤት ግን በአብዛኛው ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የለውም። የሚያስቸግረው የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነው።

ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ጥላው ይበርዳል። ቤቱን የሚያግለው በመስታወት የሚገባው ጨረር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ግማሽ ያህሉ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። ጥሩ ሽፋን ይህን መልሶ ብርሃኑን ያስገባል። ጥቁር መስታወት ግን ብርሃኑን ይነሳችኋል፣ ጨረሩንም ጠጥቶ ራሱ ይግላል። በዚህ የታደለ አየር ዙሪያውን መስታወት ለብሶ ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ የሚያሠራ ሕንፃ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ገንዘባችሁን ወደ ምዕራብ በሚያዩት መስኮቶች ላይ አውሉት። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስለምትገባ የበረንዳ ጣሪያ አያግዳትም። ደቡቡን ተዉት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ፀሐይ ወደዚያ ስለምታዘነብል ሙቀቷ በረከት ነው። ወደ ሰሜን የምትሻገረው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ነው፤ ክረምቱን ደግሞ ደመና ይሸፍናታል። የምሥራቁን የጠዋት ፀሐይ እኔ አልከለክልም።

ሻጩን መስታወቱ ከፀሐይ ሙቀት ምን ያህሉን እንደሚያሳልፍ በጽሑፍ ጠይቁት። ተራው ነጠላ መስታወት ከ0.8 በላይ (ከመቶ ከ80 በላይ) ያሳልፋል፤ ለምዕራብ ከ0.4 በታች የሆነውን፣ ከብርሃኑ ግን ግማሹን የሚያስገባውን ፈልጉ። ቤቱ ካለቀ የሚለጠፍ ፊልም አለ፤ ለነጠላ መስታወት ይስማማል። በታሸገ ድርብ መስታወት ላይ ግን አምራቹ ሳይፈቅድ አታስለጥፉ፤ ሙቀቱ ሊሰነጥቀው ይችላል። የሚያንጸባርቀው ፊልም ማታ መብራት ሲበራ ከውጭ ስለሚያሳይ መጋረጃው አይቀርም።

ድርብ መስታወት ካዘዛችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ዘመድ ማታ ከውጭ በኩል ላይተር ለኩሶ ወደ መስታወቱ ያስጠጋና በስልክ ያሳያችሁ። ሁለቱ መስታወቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ፊት ስላላቸው አራት የነበልባል ምስል ይታያል፤ ሽፋኑ ያለበት ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል። ፀሐይን ለመመለስ ከውጭ ሲቆጠር ሁለተኛው መሆን አለበት። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ የተገጠመላችሁ ተራ መስታወት ሳይሆን አይቀርምና ክፍያውን አቆዩት።