ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ መቀየር ካምቢዮ ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ እህል ጭኜ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ነባር ሾፌሮች ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማርሽ ይቀይራሉ። ጉዳት የለውም?

መልስ፦ እንደ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዓይነት ነው። ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስተካክል ክፍል) ካለው ፍሪሲዮኑን ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ አለዚያ የሲንክሮናይዘሩ ቀለበቶች ቶሎ ያልቃሉ።

ሲንክሮናይዘር የሌለው፣ እንደ ኢተን ፉለር ያለው የከባድ መኪና ካምቢዮ፣ የሞተሩ ዙር ከተገጣጠመ ያለ ፍሪሲዮን ይቀበላል። ወደ ላይ ሲቀይሩ ነዳጅ ለቀው ማርሹን ዜሮ (ነፃ) ያድርጉ፤ በባለ 10 ማርሽ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ300 እስከ 500 ያህል ሲወርድ ቀጣዩን ማርሽ ያስገቡ። ወደ ታች ሲሆን ዜሮ ላይ እያሉ ዙሩ በዚያው መጠን እንዲወጣ ነዳጅ ይስጡ። ከጮኸ አያስገድዱት፤ የሚፋጨው የጥርሱ ጫፍ ነው፤ ውሎ አድሮ ማርሹ ራሱ ይወጣል። ለጀማሪ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ መርገጥ ይሻላል፦ ረግጦ ዜሮ፣ ለቅቆ ዙር ማስተካከል፣ ረግጦ ማስገባት። በዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ ግን እየሄዱ እስከ ወለሉ አይርገጡ፤ እዚያ ያለው የፍሪሲዮን ፍሬን (የካምቢዮውን ዘንግ የሚያቆመው) ለቆመ መኪና ብቻ ነው።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ያለ ፍሪሲዮን መቀየርን ፈጽሞ አይሞክሩት! ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ማርሹ እምቢ ካለ ጭነቱ በዜሮ ይለቀቃል፣ የሞተር ፍሬን አይሠራም፣ የእግር ፍሬኑም ግሎ መያዝ ያቆማል። ከባዱን (ዝቅተኛውን) ማርሽ ደጀን ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ያስገቡ።