ጋብቻ የሌለበት መዝገብ

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ «የማጠናው የፈረንሳይ መንደር በ7ኛው የአብዮት ዓመት አንድም ጋብቻ አልመዘገበም፤ ምን ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ጸጸቴን ቀሰቀሰው። እኔም እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ «ወጣቱ ዘምቶ ነው» ብዬ ጽፌ አሳትሜአለሁ። ስህተት ነበር።

አብዮተኞቹ ዓመቱን በራሳቸው አቆጣጠር ይቆጥሩ ነበር፤ ከ7ኛው ዓመት መባቻ፣ ከሴፕቴምበር 22 ቀን 1798፣ እስከ ጁላይ 1800 ድረስ ጋብቻ በየመንደሩ አይፈጸምም ነበር። ሕጉ ሙሽሮቹን ወደ ካንቶኑ (በርካታ መንደሮችን የሚያቅፍ ወረዳ) መቀመጫ ይልካቸዋል፤ ያውም በዴካዲ፣ ማለትም የአብዮቱ ወር በገባ በ10፣ በ20 ወይም በ30 ብቻ። አብዮተኞቹ እሑድን አስረስተው ዴካዲን በዓል ለማድረግ ፈልገው ነው። ልደትና ሞት ግን እዚያው መንደር መጻፉ አልቀረም። ስለዚህ የክብር መዝገቡ ገጽ ሳይጎድልበት፣ ጽሕፈቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ የጠፋ ነገር ያለ አይመስልም። ያሳሳተኝ ይኸው ነው። የካንቶኑን መዝገብ ብገልጥ ኖሮ የመንደሩን ሙሽሮች ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ቀን ተደርድረው አገኛቸው ነበር።

ካንቶኑን ስትፈልጉ የዛሬውን ካርታ አትመኑ። በ1801 ብዙ ካንቶኖች ታጥፈዋል፤ የያኔው መቀመጫ ዛሬ ተራ መንደር ሊሆን ይችላል። ስምም ይለወጣል፤ ሞን ሳን ሚሼል በአብዮቱ ጊዜ ሞን ሊብር ተብሎ ነበር። የዛሬ ልጆች ስሙን ኮምፒዩተር ላይ ጽፋችሁ ካልመጣ «የለም» ትላላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። እኔ ግን መዝገቡን በእጄ ይዤም ተሳስቻለሁ።

የአብዮቱን ቀን ወደ ተለመደው የአውሮፓ ቀን ለመመለስ እኛ ይቀለናል። የአብዮቱ አቆጣጠር እንደኛው 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ተጨማሪ ቀናት አሉት፤ 6ኛዋ ቀን በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ዓመት ገብታለች፤ ልክ እንደ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን። የሚያሳስተው የዓመቱ መባቻ ነው። 7ኛው ዓመት ሴፕቴምበር 22 ቀን 1798፣ 8ኛው ሴፕቴምበር 23፣ 12ኛው ሴፕቴምበር 24 ቀን ይጀምራል። ዠርሚናል 7ኛው ወር ስለሆነ ዠርሚናል 10 ማለት 190ኛው ቀን ነው፤ በ7ኛው ዓመት ከሆነ ማርች 30 ቀን 1799 ላይ ይውላል።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ በዲፓርትመንቱ (ካንቶኖቹን በሚያቅፈው የፈረንሳይ ክፍለ አገር) ቤተ መዛግብት የካንቶኑን መቀመጫ የ7ኛና የ8ኛ ዓመት ጋብቻ አስወጪ። መዝገብ በሁለት ቅጂ ይጻፍ ስለነበር አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ጠይቂ። የሙሽራውን ብቻ ሳይሆን የሙሽሪትንም መኖሪያ አንብቢ፤ የመንደርሽ ሴት ልጅ የሌላ መንደር ሰው አግብታ ሊሆን ይችላል።