ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ የሰባት ዓመቱ ልጄ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ስልክ ላይ አፍጥጧል፣ የአራት ዓመቷ ደግሞ ትከሻው ላይ ተለጥፋ ታያለች። ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ስልኩን ስቀማው ጮኸ፣ ተንከባለለ። እናቴ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ስጪውና ዝም ይበል!»

ስልኩ የእሷ ነው። ደብረ ብርሃን ካለው ወንድሜ ጋር እየተያዩ እንዲያወሩ ብዬ የገዛሁላት እኔው ነኝ። ዋይፋዩን ነቅዬ ሄድኩ፤ ወንድሜ ከዚያ ሆኖ ፓኬጅ ገዛላት። ፓተርን አደረግኩበት፤ ልጁ በሁለት ቀን ፈታው። አንድ ቀን ጭራሽ ይዤው ሄድኩ። የዚያን ዕለት እናቴ በረንዳ ላይ በቀለም ቆርቆሮ ያበቀለችውን ጤናዳም ነቅለው፣ አፈሩን ሳሎን ውስጥ በትነው ጠበቁኝ። በነጋታው ስልኩን መለስኩ፤ ምን ላድርግ?

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው፣ በወር አንዴ ይመጣል። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከእናቴ ጋር ናቸው። ሐምሌ ላይ ልጁ ለብቻው ወርዶ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ኳስ ሲያባርር ስላገኘሁት ጠዋት ስወጣ ከውጭ ቆልፌባቸው ነው የምሄደው፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ስጋት የለብኝም። ችግሬ ስልኩ ነው። እናቴ እኔን ስታሳድግ እንዲህ አልነበረችም፤ ቁጡ ነበረች። አሁን አንድ ነገር እምቢ ማለት አትችልም። ስነግራት ታኮርፋለች፣ «ፍልሰታ ገብቶ ማስቀደስ አማረኝ» ትለኛለች። እሁድ እወስድሻለሁ አልኳት። ስለ ስልክ ስናወራ ቅዳሴን ምን አመጣው?

ደክሞኛል እትዬ። እናቴን ወንድሜ ጋ መልሼ ሞግዚት ብቀጥር ኃጢአት ይሆንብኛል?

የልደታዋ እናት

—

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ስልኩ ከላይ እስከ ታች አለ። ቁልፉ ግን አንዴ ብቻ መጣና አለፈ፣ ያውም «ስጋት የለብኝም» ተብሎ። እኔ እዚያ ላይ ስደርስ ነው የደነገጥኩት።

አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናትና ሁለት ሕፃናት ከውጭ ተቆልፎባቸው ይውላሉ! ምድጃው እሳት ቢያስነሳ በየት ይወጣሉ? እናትሽን ድንገት ቢያማቸው ማን ገብቶ ያነሳቸዋል? ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ቢመጣ እንኳ ቁልፉ ቢሮ ያለ ቦርሳሽ ውስጥ ነው። ዛሬውኑ ቁልፍ አስቀርጺና ለእናትሽ ስጪ። የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብቢ።

ሠራሽ? እሺ።

እናትሽ ፀባያቸው አልተለወጠም። አንቺን ሲያሳድጉ ግን «ውጪና ተጫወቺ» የሚሉበት ደጅ ነበራቸው። አሁን የሚያለቅስ ልጅና የተቆለፈ በር ይዘው ምን ይበሉት? ቅዳሴውን ምን አመጣው ላልሽው፣ እሳቸውም ታስረዋል፤ እሱን ነው የነገሩሽ። ፍልሰታን በረንዳ ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ ነው የሚያስቀድሱት፣ ቤተክርስቲያኑ እዚያው አጠገባችሁ ሆኖ። እዚህ ላይ በጣም ነው ያዘንኩብሽ፣ አልደብቅሽም።

ስልኩን ይዘሽው የሄድሽ ዕለት ደግሞ ልጆቹ ምን አደረጉ? አፈር ፈለጉ። ቤቱ ውስጥ ያለው አፈር ያቺ ቆርቆሮ ብቻ ሆነችና እሷን ገለበጡ። አንቺ በዚህ ተናደድሽ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ልጆችሽ ምንም አልሆኑም፤ ስልኩን ሲያጡ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ያወጣው መመሪያ ለአራት ዓመት ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ሰው ሁሉ ይህችን ይይዝና የሚቀጥለውን ይዘለዋል፦ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባት። ሦስት ሰዓት! ለትልቁ ደግሞ በቀን 60 ደቂቃ፣ ያውም ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ። የት ሆነው? ሶፋው ላይ ሲዘሉ ትቆጫቸዋለሽ መቼም። የዓይናቸውም ነገር አለ። በደመና ቀን እንኳ የደጅ ብርሃን ከሳሎን መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ደጅ የሚውሉ ልጆች ሩቅ አላይ የማለት ችግር የሚይዛቸው ባነሰ ነው።

መኪናው ያስፈራል፣ እሱ እውነትሽን ነው። ብቻሽን ሁለት ልጅ ይዘሽ በፍርሃት ነው የቆለፍሽው፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ግን ብሎካችሁ ውስጥ እንዳንቺ የምትፈራ እናት ሞልታለች። ቅዳሜ ሁለት ሦስቱን ቡና ጥሪያቸውና ጠዋት ጠዋት ማን ታች እንደሚቀመጥ ተነጋገሩ። መኪና የማይደርስበት ጥግም አብራችሁ ፈልጉ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ከሰዓት ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይውረዱ። እናትሽ ደረጃውን ከቻሉ በርጩማ ይዘው አብረው ይውረዱ፤ ሲወድቅ «አይዞህ፣ ተነስ» የሚለው ሰው ካለ ሱዚም ብይም የሚያስተምሩት ልጆች ናቸው። ጭቃ ይነካቸዋል። ታጥቢያለሽ። የፍልሰታ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው፣ ልጆቹን አስከትለው ይሂዱ፤ ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ትንሽ ይሯሯጡ።

ስልኩን ተይላቸው፣ የእሳቸው ነው። ማታ ከአጎታቸው ጋር ያውሩበት፣ ትንሽም ይዩበት። ደጅ ውሎ የመጣ ልጅ ራቱን ሳይጨርስ ነው እንቅልፍ የሚወስደው።

እናቴን ልመልሳት ወይ ላልሽው ደግሞ፦ ሞግዚቷንስ ትቆልፊባታለሽ?

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። የግቢው ልጆች አሁን ሆያ ሆዬ እየተለማመዱ ይሆናል፣ ልጅሽም ከመስኮት ይሰማቸዋል። ዱላ ፈልጊለትና አብሯቸው ይዙር። ሙልሙሉን እናትሽ ይጋግሩ። ጭፍራው እናንተም በር ላይ መጥቶ ሲጨፍር፣ ዘንድሮ ከውስጥ የሚከፍትለት ሰው ይኑር።